አሥራ ዘጠነኛዋ ተሳፋሪ

ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ግድግዳ ወዲያ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ አውቶቡስ ይነሳል። ጎማ የለውም፣ ሞተር የለውም፣ ከቆመበትም ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። ተሳፋሪዎቹ ግን በሰዓታቸው ይሳፈራሉ፤ ትኬት ቆራጯም በሩ ላይ ቆማ "ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! መሃሉ ባዶ ነው!" ትላለች። ድምጿ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። እኔም የቀኑን የመጀመሪያ ወረቀት ማሽኑ ላይ የማስቀምጠው ያን ጊዜ ነው።

ይህችን ሴት ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ጠጋ ይላታል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰርቪስ ላይ ሠርታለች። ሥራዋ በየፌርማታው የሚጠብቁትን ሠራተኞች ማሳፈር፣ ማን ከየት እንደተሳፈረና የት እንደወረደ ስምሪት ወረቀት ላይ መጻፍ ነበር። ትኬት እንኳ ቆርጣ አታውቅም። ሰው ግን ትኬት ቆራጭ ብሎ ጠራት፣ እሷም ሰው ካለማ ብላ ተወችው።

ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ባሏ ታሞ ሐኪም ቤት ሲሄድ በሰርቪሱ አሳፈረችውና ስሙን ከሠራተኞቹ ጋር ጻፈች። የስምሪት ኃላፊው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። ከጎኑም "ቤተሰብ ተሳፋሪ አይደለም!" ብሎ ጻፈበትና በሾፌሮቹ ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ አነበበላት። ከዚያ ወዲህ ወንድሟ ይሳፈር እህቷ፣ ወረቀቷ ላይ ዘመድ አትጽፍም። አለቃው ጡረታ ወጥቶ፣ ፋብሪካው ሰርቪሱን አቁሞ፣ እሷም በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ተሰናብታ እንኳ ያቺ ቀይ መስመር ከልቧ አልጠፋችም።

ሥራ ፈትታ ቤት ስትገባ የጠበቋት አማቷ ነበሩ። ባሏ ሌላ ከተማ የግንባታ ሥራ ላይ ስለሆነ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። አማትየዋ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቢቀራቸውም ምላሳቸው ሃያ ዓመቱ ነው። እግራቸውም ደህና ነው። መርሳት ብቻ ጀምሯቸዋል። አንድ ቀን ሻይ ጥደው፣ ማን እንደጣደው ረስተው፣ ጎረቤት ሄደው "ከየት ነው የሚሸተው?" እያሉ ሲጠይቁ ማንቆርቆሪያው ተቃጥሎ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ብቻቸውን የሚተዉ ሰው አልሆኑም።

በዚያን ጊዜ ደግሞ የመንገዳችን ሱቆች ሁሉ ጥጋቸው ላይ አንድ አዛውንት ነበራቸው። የልብስ ሰፊዋ እናት የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። የብረታ ብረት ሻጩ አባት ሚስማር የጠየቀውን ሰው ብሎን አሸክመው ይሸኙታል። የእኔ አባት የቀድሞ ታይፒስት ናቸው፤ ደንበኛዬ ያመጣውን ማመልከቻ ከእጁ ተቀብለው በእርሳስ ያርሙለታል። ሰውየው የፈለገው ኮፒ ብቻ ነበር። ሁላችንም እንወዳቸዋለን፤ ሁላችንም ደግሞ ከሥራችን ጋር እንዴት እንደምናስማማቸው ጨንቆን ነበር።

እትዬ ጠጋ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን፣ ባለቤቱ ለቆት ባዶ የቀረውን ጫማ ቤት፣ አዛውንቶቹ ቀን ቀን እንዲውሉበት ብላ ተከራየች። ፊቱ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። አሥራ ስምንት ወንበር ገዛች። በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች ደም ግፊት የምትለካው ነርስ ወንበሮቹን በክብ እንድትደረድር መከረቻት፣ ደረደረች። አዛውንቶቹ ፊት ለፊት ተፋጠው አንድ ሰዓት እንደተቀመጡ "ምን ታፈጥብኛለህ?" ተጀመረ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አይነጋገሩም፣ አንዷ ወደ ቤቴ መልሱኝ ብለዋል። እትዬ ጠጋ አንገቷን እየነቀነቀች ወንበሮቹን አነሳች፤ ሁለት ሁለት አድርጋ፣ መሃሉን መተላለፊያ ትታ፣ ሁሉንም ወደ መስታወቱ አዞረቻቸው። የምታውቀው አደራደር እሱን ብቻ ነበር። አዛውንቶቹ ተቀመጡ። ውጭ አንድ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ አለፈ።

"ፍራሹ ከሰውየው ይበልጣል" አሉ አባቴ።

"ሚስት አግብቶ ይሆናል" አሉ የልብስ ሰፊዋ እናት።

በቃ፣ ጠቡ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱ የእነሱ ወሬ ሆነ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። እትዬ ጠጋ በየጠዋቱ በክር የታሰረ እርሳስ ያለበትን ሰሌዳዋን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። ከፋብሪካው ያመጣችው ስምሪት ወረቀት ሲያልቅባት ባዶውን ፎርም እኔ አባዛላታለሁ። ስም፣ የተሳፈሩበት፣ የወረዱበት፣ ጓዝ።

"የልብስ ሰፊዋ እናት፣ ከሱቅ ቁጥር ሦስት!"

"አለሁ ልጄ!"

"ጋሼ ሾፌር፣ ከኋላ ሰፈር!"

"ሞተሩ ሞቋል፤ አንቺን ነው የምንጠብቀው!"

ጋሼ ሾፌር ያንኑ ሰርቪስ ሃያ ዓመት አብረዋት የነዱ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። የፊተኛውን ወንበር ማንም አይነካባቸውም። ዕቃ የጫነ መኪና መስታወቱ ፊት ወደኋላ ሲሄድ ካዩ በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ "ቁረጥ! ቁረጥ! ወደ ግራ! ኧረ ገጨው!" ይላሉ። ሾፌሩ አይሰማቸውም። አንዳንዱ ግን የከዘራውን አወዛወዝ በመኪናው መስታወት አይቶ ይታዘዛል።

አሥራ ስምንቱም ተጠርተው ሲያልቁ፣ በሩ አጠገብ የምትታጠፈው ወንበር ላይ፣ በትኬት ቆራጯ ቦታ ላይ ማለት ነው፣ የተቀመጡት አማቷ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

"እኔስ?"

"እማማ፣ እርስዎ ቤተሰብ ነዎት። ቤተሰብ አይጻፍም።"

"ታዲያ ምንድን ነኝ? ጓዝ ነኝ?"

ይህ ጥያቄ መጀመሪያ አካባቢ በየቀኑ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ጠጋ "እሺ፣ ጓዝ ነዎት!" ብላ ጓዝ በሚለው ዓምድ ውስጥ አንድ ጭረት ሳበች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አማትየዋም ሳቁ። በማግስቱ ግን "ጓዙ ተጻፈ?" ብለው ጠየቁ። ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ውለው ሳያስጽፉ የቀሩበት ቀን የለም። እኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን እያንዳንዱ ሰው በስሙ ሲጠራ እየሰሙ ሦስት ዓመት መቀመጥ፣ ቀልድ ብቻ አይመስለኝም።

አንድ ሰኞ ቀን፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ማኅደር በብብቱ የያዘ ወጣት መጥቶ መስታወቱ ፊት ቆመ። ከከተማ ፕላን ጽሕፈት ቤት የመጣ ተቆጣጣሪ ነበር። ወደ ላይ አንጋጦ የስም ሰሌዳ ፈለገ፣ አጣ። ወደ ውስጥ ሲያይ አሥራ ስምንት ሰው ፊት ለፊት አፍጦበታል። በሩን ገፋ አደረገ።

"ይህ የአውቶቡስ ቢሮ ነው?"

"የአዛውንቶች መዋያ ነው" አለች እትዬ ጠጋ።

"ታዲያ ለምን ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ?"

"እነሱ የሚያዩት መንገዱን ነው። አንተ ነህ መሃል የገባኸው።"

"ግባ ወይም ውረድ ልጄ!" አሉ ጋሼ ሾፌር። "በር ላይ አይቆምም!"

ተቆጣጣሪው ገባ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ስንገናኝ አሁንም ሰላም እንባባላለን። የክፍሉን ስፋት በሜትር ለካ፣ መጸዳጃ ቤቱን አየ፣ የጓሮውን በር ከፍቶ ዘጋ። ቀጥሎ ጣቱን እየቀሰረ ሰው ቆጠረ።

"አሥራ ዘጠኝ ናቸው" ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

"አሥራ ስምንት!" አለች እትዬ ጠጋ ሰሌዳዋን ከፍ አድርጋ። "ሃያ ሦስት ዓመት ሰው ቆጥሬያለሁ፤ በአንድ ሰው እንኳ ተሳስቼ አላውቅም።"

እንደገና ቆጠረ። የመጨረሻው ጣት በሩ አጠገብ አማትየዋ ላይ አረፈ። "አሥራ ዘጠኝ።"

"እሳቸው አይቆጠሩም። ቤተሰብ ናቸው።"

"ጓዝ ነኝ" አሉ አማትየዋ።

ተቆጣጣሪው ግራ ገብቶት አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን አየ። በመጨረሻ ግን እንደ ደንቡ ያየውንም የሰማውንም ጻፈና አንድ ወረቀት ሰጥቷት ሄደ። ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ለሁሉ ወረቀት ወደ እኔ ነው የምትመጣው፤ ወረቀት ስለምሸጥ የወረቀት ቋንቋ የምችል ይመስላታል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "የአዋቂዎች የቀን መዋያ በንግድ ቀጠና ምድር ወለል ላይ የሚፈቀደው፣ ከተጠቃሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያው መንገድ በንግድ ወይም በአገልግሎት ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ቤተሰብ ሲሆኑ ብቻ ነው" ይላል። ይህን በሠላሳ ቀን ውስጥ በሦስት ወር ማስረጃ ያላሳየ ቤቱ ይታሸጋል፣ ወይም ወደ መኖሪያ ቀጠና ይዛወራል።

"ምን ማለት ነው ይህ?" አለች።

"መንገዱ የሱቅ መንገድ ነው ማለት ነው። የሱቅ ፊት የሚይዝ ሁሉ ሱቆቹን የሚጠቅም መሆን አለበት ነው የሚሉት። አለዚያ ሁሉም እየተከራየ በሩን ቢዘጋ መንገዱ ይሞታል።"

"ክፉ ሕግ አይደለም" አለች ትንሽ አሰብ አድርጋ። "የመኖሪያ ቀጠና ያሉት የት ነው?"

"ከኮረብታው ጀርባ።"

እዚያ ያለውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ግቢ፣ አጥር፣ ደረጃ። በመስታወት የሚታይ ነገር ቢኖር የጎረቤት ግድግዳ ነው። ሱቁን ዘግቶ እናቱን እዚያ ድረስ የሚያደርስ ነጋዴ የለም። እሷም ለሁለተኛ ቤት የሚሆን አቅም የላትም። ይህ ቤት ከታሸገ የልብስ ሰፊዋ እናት ወደ ጨርቁ ጥቅል፣ አባቴ ወደ ደንበኞቼ ማመልከቻ ይመለሳሉ። ጋሼ ሾፌር አንድ ክፍላቸው ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ። አማትየዋ ደግሞ በር ተቆልፎባቸው።

"ማስረጃ አለኝ" አለች እትዬ ጠጋ ድንገት። ሮጣ ሄዳ ስድስት የጫማ ካርቶን ደራርባ መጣች። የድሮው ጫማ ቤት ጥሏቸው የሄደ ካርቶኖች ናቸው። በውስጣቸው የሦስት ዓመት ስምሪት ወረቀት በወር በወር ታስሯል። አንድ ቀን አልጎደለም። እኔ ጎረቤቷ ሆኜ፣ ፎርሙን ራሴ እያባዛሁ፣ የምታስቀምጠው አይመስለኝም ነበር።

"ተሳፋሪውን ከየት እንደተሳፈረ መጻፍ ነው ሥራዬ" አለች ደረቷን ነፍታ። "አሁን ቁጠር።"

የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተን ቆጠርን። ከመንገዳችን ሱቆች የተሳፈሩ፦ የልብስ ሰፊዋ እናት፣ የብረታ ብረት ሻጩ አባትና አክስት፣ የፀጉር አስተካካዩ አባት፣ የፋርማሲስቷ እናት፣ የእኔ አባት፣ ሌሎችም። ዘጠኝ። ከኋላ ሰፈርና ከሌላ ሌላ ቦታ የተሳፈሩ፣ ጋሼ ሾፌርን ጨምሮ፣ ዘጠኝ።

"ግማሽ በግማሽ" አልኩ።

"ደንቡ ምን ነበር ያለው?"

"ከግማሽ በላይ።"

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶናቸው መለሰች። 

ወሬው በአንድ ቀን መንገዱን አዳረሰ። ብረታ ብረት ሻጩ የእጁን ዝገት በሱሪው እየጠረገ ወደ መዋያው ገባ። ነገር ማቅለል ይወዳል።

"እትዬ ጠጋ፣ ይህ ምን ያስጨንቃል? አንድ ስም ጨምሪበት። የሚስቴን እናት ጻፊ።"

"መጥተው ያውቃሉ?"

"ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው ነው እንጂ ይመጡ ነበር! በጣም ነበር የሚወዱሽ።"

"ውጣ ከዚህ! የሞተ ሰው አሳፍሬ ልታሰር?"

አዛውንቶቹ ሲስቁ ጋሼ ሾፌር አልሳቁም። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ከፊተኛው ወንበር ተነሱ።

"ስሚ" አሉ። "እኔ ልውረድ። እኔ ከወረድኩ ዘጠኝ ለስምንት ይሆናል። ሒሳቡ ቀላል ነው።"

"ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

"ቤቴ ቅርብ ነው፤ በመስታወቱ በኩል እያለፍኩ ሰላም እላችኋለሁ።"

"ጋሼ!" አለች፤ ድምጿ ከበሩ አልፎ ወጣ። "ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ ዝናብ ላይ ሰው አውርደን እናውቃለን?"

"አናውቅም።"

"አሁንም አናወርድም። ይቀመጡ። መኪናው ያለ ሾፌር አይሄድም።"

ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ መሐረባቸውን ፈለጉ፤ መሐረቡ እጃቸው ላይ ነበር።

የከተማ ፕላን ጽሕፈት ቤቱ ቀጠሮ በሃያ ስምንተኛው ቀን ነበር። እትዬ ጠጋ ምንም አልጨመረችም፣ ምንም አልቀነሰችም። እንዳለው ወስጄ እለምናቸዋለሁ አለች። እኔ ካርቶኖቹን ልሸከም ሱቄን ዘጋሁ። ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ትታ ቤቱን ልትጠብቅ መጣች። ልንወጣ ስንል አማትየዋ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

"እማማ፣ እርስዎ እዚህ ይጠብቁን።"

"ጓዝ ነዎት አላልሽኝም? ጓዝ ተሸክማችሁ አይደል የምትሄዱት? እኔም ልጫን።"

ምን ይባላል? ሦስት ሆነን ሄድን።

ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በቀለም የተከፋፈለ ትልቅ የከተማ ካርታ። የእኛ መንገድ ቀይ ነው፣ ከኮረብታው ጀርባ ቢጫ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ደከም ያላቸው ሴት ናቸው። ተቆጣጣሪው ወጣት ከጎናቸው ተቀምጧል። የጫማ ካርቶኖቹን ጠረጴዛው ላይ ስደረድር ኃላፊዋ "ጫማ ነው?" አሉ።

"ስምሪት ነው" አለች እትዬ ጠጋ።

ኃላፊዋ አንዱን ወር ፈቱ። መነጽሩ ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው ወረደ። ሁለተኛውን ፈቱ። "ይህን በየቀኑ ነው የምትጽፊው?"

"በየቀኑ። ከየት እንደተሳፈረ፣ የት እንደወረደ።"

"ከዚህ ቢሮ የወጣ ፎርም እንኳ እንዲህ ተሞልቶ አይመለስልንም" አሉ ለተቆጣጣሪው። እትዬ ጠጋ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። ለአፍታ ያለፈልን መሰለኝ። ከዚያ ግን ተቆጣጣሪው ቆጥሮ ጨረሰ።

"ከመንገዱ ዘጠኝ፣ ከሌላ ቦታ ዘጠኝ" አለ። እያዘነ ነበር የተናገረው። "ከግማሽ በላይ አይደለም።"

ኃላፊዋ ወረቀቱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "እህቴ፣ ሥራሽ ያስመሰግናል። ግን ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። አንድ ሰው ጎድሎሻል።"

"ይገባኛል" አለች እትዬ ጠጋ። ካርቶኖቹን መክደን ጀመረች። አንዱ ክዳን አልገጥም አላት።

በዚህ መሃል አማትየዋ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረጉ። "አንተ ልጅ" አሉት ተቆጣጣሪውን። "ያን ዕለት እየዞርክ በጣትህ ስትቆጥረን፣ እኔ ዘንድ ስትደርስ ስንት አልክ?"

ወጣቱ ደብተሩን ገለጠ። "አሥራ ዘጠኝ፤ ባለቤቷ ግን አሥራ ስምንት ናቸው ትላለች" ብሎ አነበበ።

"አሥራ ዘጠነኛው ማን ነው?" አሉ ኃላፊዋ።

"እሳቸው አይቆጠሩም" አለች እትዬ ጠጋ አፏ እንዳመጣላት፣ ከክዳኑ ጋር እየታገለች። "እሳቸው ተሳፋሪ አይደሉም፣ ቤተሰብ ናቸው።"

"የማን ቤተሰብ?"

"የእኔ።"

"አንቺ የት ነው የምትሠሪው?"

"እዚያው ነዋ፣ መንገዱ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒው..." አለችና ቆመች። ክዳኑ ከእጇ ወደቀ።

 እኔ በሦስት ወር ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። በሩ አጠገብ የሚቀመጡትን ሴት በየቀኑ እንደምን አደሩ እላቸዋለሁ። እሳቸውም የመንገዱ ሠራተኛ ቤተሰብ መሆናቸው አንድም ጊዜ አልታየኝም።

"አሥር ከአሥራ ዘጠኝ" አለ ተቆጣጣሪው ቀስ ብሎ።

"ቆይ" አሉ ኃላፊዋ፤ ፊታቸው ግን ፈካ ብሏል። "ሴትየዋ አንድ ቀን መገኘታቸውን ደብተርህ ያሳያል። ደንቡ የሚፈልገው ሦስት ወር ነው። ወረቀቱ ላይ ስማቸው የታለ?"

"የለም" አለች እትዬ ጠጋ። "ቤተሰብ ስለማይጻፍ..."

"ጓዝ ላይ አለሁ" አሉ አማትየዋ።

"ምን ላይ?"

"ጓዝ ላይ። እዩት። በየቀኑ አንድ።"

ኃላፊዋ ዓምዱን በጣታቸው ወደታች ተከተሉት። አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ጭረት። እትዬ ጠጋ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ጭረቱ እንዴት እንደተጀመረ እየተንተባተበች ተናገረች። ተቆጣጣሪው ሳቁን ለመያዝ ወደ ካርታው ዞረ።

"እዚህ ጋ ሁለት ቀን ባዶ ነው" አሉ ኃላፊዋ። "ምነው?"

አማትየዋ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ቁልፍ፣ ማበጠሪያ፣ ግማሽ ብስኩት፣ የአንድ ልጅ ፎቶግራፍ አወጡ። በመጨረሻ የዓይን ሐኪም ቤት የቀጠሮ ካርድ ወጣ። ማንቆርቆሪያ መጣዳቸውን የሚረሱት ሴት ካርዱን የት እንዳኖሩት አልረሱም። ኃላፊዋ በካርዱ ላይ ያሉትን ሁለት ቀኖች ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ልክ ነበር።

"እማማ" አሉ ኃላፊዋ፣ "በዚህ ቢሮ ከሰው ይልቅ በጓዝነት የተሻለ ማስረጃ ያቀረቡ እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።"

"ቀልድ አይደለም እኮ ልጄ" አሉ አማትየዋ። "ሦስት ዓመት አስጽፌያለሁ።"

ፈቃዱ እዚያው ተጻፈ። ሁለት ነገር ታዘዘበት፦ አዛውንቶቹን ለሚያወርድ መኪና በር ላይ ቦታ እንዲተው፣ ከዛሬ ጀምሮም ቤቱ ውስጥ የሚውል ሰው ሁሉ፣ ቤተሰብም ቢሆን፣ በስሙ እንዲመዘገብ። ኃላፊዋ ሁለተኛዋን ትእዛዝ በቀይ እስክሪብቶ ከሥሯ አሰመሩባት። እትዬ ጠጋ መስመሯን ለረጅም ጊዜ ስታያት ነበር።

በመመለሻችን፣ አደባባዩን ስንሻገር እትዬ ጠጋ የአማቷን ክንድ ያዘች። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ለምኑ?"

"ሳልጽፍዎት በመቅረቴ።"

"ብትጽፊኝማ ኖሮ" አሉ አማትየዋ፣ "በምን እጨቀጭቅሽ ነበር?"

በማግስቱ ጠዋት እኔም ማሽኔን ሳላበራ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ብረታ ብረት ሻጩና ልብስ ሰፊዋም መጥተዋል። እትዬ ጠጋ ሰሌዳዋን ያዘች፣ የእርሳሱን ጫፍ አየች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከሁሉ አስቀድማ የአማቷን ስም ከነአባታቸው ጠራች። ስማቸውን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

አማትየዋ ውጭ የሚያልፍ ብስክሌት ያያሉ።

ደግማ ጠራች። ዝም።

"እማማ፣ እርስዎን ነው እኮ!"

"ሰምቻለሁ" አሉ ሳይዞሩ። "ለሦስቱ ዓመት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነው።"

ሦስተኛውን ጠራች፣ ከበፊቱ ጮክ ብላ። "አለሁ!" አሉ፤ ቤቱም አጨበጨበ። ጋሼ ሾፌር ተነስተው "ተሳፋሪ ከሆኑ የተሳፋሪ ወንበር ይገባዎታል፣ የእኔን ይውሰዱ" አሏቸው።

"ተቀመጥ አንተ፤ ማን ሊነዳው ነው?" አሉ አማትየዋ። የምትታጠፈዋን ወንበር መታ መታ አደረጓት። "እኔ በሩን ለምጃለሁ። የሚገባውም የሚወጣውም በእኔ ነው የሚያልፈው።"

እትዬ ጠጋ የቀሩትን ጠርታ ስትጨርስ ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች አየችው። አሥራ ዘጠኝ። በመጨረሻው ዓምድ ላይ እርሳሷ በልማድ ሊጭር ወርዶ አየር ላይ ቆመ።

"ጓዝ የለም" አለች ለራሷ።

"እንዴት የለም?" አሉ አማትየዋ፣ ጭናቸው ላይ ያለውን ከፍ አድርገው። "ቦርሳዬን ጻፊ።"